የቪዲዮ ማመቂያ ዘዴዎች ፉክክር፦ በላሊበላ ወረብ ሲፈተኑ



በዲፓርትመንታችን አንድ የማያልቅ ክርክር አለ። ሁለት ተማሪ ላፕቶፕ ይዞ ከተቀመጠ “የትኛው ኮዴክ ይበልጣል?” መባሉ አይቀርም። አንዱ “ኤች 264 አርጅቷል፣ ጡረታ ይውጣ” ይላል። ሌላው “ኤቪ1 የሚባል መጥቶልሃል፣ ግማሹን መጠን ያስቀርልሃል” ብሎ ይመልሳል። ሦስተኛው ደግሞ ለሁለቱም ጆሮ ሳይሰጥ ፊልሙን ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ይገለብጣል። እኔ ክርክሩን በወሬ ከምሰማው በሥራ ልሞክረው ብዬ ተነሳሁ። የሞከርኩበት ቪዲዮም ከኢንተርኔት የወረደ የፈረንጅ መኪና ውድድር አይደለም። ተወልጄ ባደግሁበት በላሊበላ የቀረጽኩት የአቋቋም ትምህርት ነው።

ነገሩ የጨዋታ ብቻ አይደለም። ፊደል ሳልቆጥር ጀምሮ የማውቃቸው አንድ የአቋቋም መምህር አሉ፤ እኛ የኔታ ነው የምንላቸው። ዕድሜያቸው ገፍቷል። ድሮ ጎጆውን ሞልቶ የሚያድረው ተማሪ አሁን በጣት የሚቆጠር ሆኗል። ባለፈው ዕረፍት ሳለሁ ፈቃዳቸውን ጠይቄ ዝማሜውን፣ መረግዱን፣ ጽፋቱንና ወረቡን በስልኬ ቀረጽኩ። ስልኬ ሞላ። ከዚያ በኋላ የመጣው ጥያቄ ቀላል አልነበረም። ይህ ሁሉ ፋይል ለዓመታት የት ይቀመጣል? ለተማሪዎቹ በስልካቸው እንዴት ይደርሳል? አረብ አገር ላለችው ታላቅ እህቴስ “ገናን ሳላይ ስንት ዓመቴ” እያለች ለምትወተውተኝ በምን ይላካል? የማመቂያ ዘዴ ምርጫ ለእኔ ከክፍል ወጥቶ ቤት የገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ባይታመቅስ ምን ይሆናል?

እስቲ መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። ባለ 1920 በ1080 ምስል 2,073,600 ነጥቦች ወይም ፒክስሎች አሉት። ዓይናችን ከቀለም ይልቅ ብርሃንና ጥላን አጥርቶ ስለሚያይ የቀለሙ መረጃ በአግድምም በቁመትም በግማሽ ተቀንሶ ይቀመጣል። በዚህ አያያዝ ለአንድ ፒክስል በአማካይ አንድ ባይት ተኩል ይበቃል። ስለዚህ አንዱ ፍሬም 3,110,400 ባይት ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም ካለን 77.76 ሜጋ ባይት በሰከንድ ማለት ነው። በደቂቃ 4.67 ጊጋ ባይት ገደማ፣ በሰዓት ደግሞ 280 ጊጋ ባይት ይሆናል። ባለ 64 ጊጋ ስልክ ባዶውን ቢሰጠን እንኳ 14 ደቂቃ ሳይደርስ ይሞላል። የገናን ዋዜማ ከማታ እስከ ንጋት 8 ሰዓት እንቅረጽ ብንልማ ከ2 ቴራ ባይት በላይ ያስፈልገናል።

በተግባር ግን ስልካችን ይህን ያህል አይበላም። በሰከንድ 16 ሜጋ ቢት አካባቢ ይዞ የሚቀርጽ ስልክ ካለን ለአንድ ሰዓት 7.2 ጊጋ ባይት ይበቃዋል። ያ ማለት ጥሬውን ወደ ሠላሳ ዘጠነኛ እጅ አውርዶታል ማለት ነው። ታዲያ የቀረው የት ሄደ?

ሦስቱ ብልሃቶች

ለዚህ መልስ ቤተ ማርያምን በዓይነ ኅሊናችሁ አምጡልኝ። በገና ዕለት ካህናቱ በሁለት ተከፍለው ቤዛ ኩሉ ያደርሳሉ። ከላይ በዓለቱ ዳር፣ ማሜ ጋራ በሚባለው ላይ የሚቆሙት የመላእክት ምሳሌ ናቸው፤ ከታች በግቢው ያሉት ደግሞ የሰው ልጆች ወይም የእረኞች። ሁሉም ነጭ ለብሰው፣ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው አብረው ይወዛወዛሉ። ከኋላቸው ያለው ድንጋይ ግን ከዛጉዌ ዘመን ጀምሮ ንቅንቅ አላለም።

የመጀመሪያው ብልሃት በአንዱ ፍሬም ውስጥ ያለውን መመሳሰል መጠቀም ነው። የዓለቱ ግድግዳ ቀዩ ከቀዩ ጎን ነው ያለው። ምስሉ በትንንሽ አራት ማዕዘን ብሎኮች ይከፈልና እያንዳንዱ ብሎክ ዲሲቲ በሚባል ሒሳብ ወደ ዝግተኛና ፈጣን ለውጦች ይተነተናል። ከዚያም ዓይን ብዙ የማይከታተላቸው ፈጣን ለውጦች ይሸረፋሉ ወይም ይጣላሉ። ይህን ሒሳብ ያፈለቀው ትውልደ ህንዳዊው ናስር አህመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ሐሳቡን አቅርቦ የምርምር ገንዘብ ቢጠይቅ ተከለከለ። እሱ ግን አልተወውም፤ ከናታራጃንና ከራኦ ጋር ሆኖ በ1974 አሳተመው። ዛሬ ከጄፔግ ፎቶ እስከ ስልካችን ቪዲዮ ድረስ ያልነካው የለም። የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕሳችሁ “ቀላል ነው” ተብሎ የተመለሰባችሁ ልጆች ይህችን ያዙልኝ።

ሁለተኛው ብልሃት በፍሬምና በፍሬም መካከል ያለውን መመሳሰል መጠቀም ነው። ድንጋዩ ካልተንቀሳቀሰ ለምን በሰከንድ 25 ጊዜ እንደ አዲስ ይጻፋል? “እዚህ ቦታ እንደ ቅድሙ ነው” ማለት ይበቃል። ካህኑ ወደ ቀኝ ዘንበል ካለም “ይህ ብሎክ ከቅድሙ ቦታ ይህን ያህል ፒክስል ሄዷል” ይባላል። የሚጻፈው የመንገዱ ርቀትና የቀረችው ትንሽ ልዩነት ብቻ ናት። ቪዲዮን ከፎቶ ይልቅ በጣም የሚያሳምቀው ይኼኛው ነው።

ሦስተኛው ቶሎ ቶሎ ለሚመጣ ነገር አጭር ምልክት፣ አልፎ አልፎ ለሚመጣ ረጅም ምልክት መስጠት ነው። ከሃፍማን የ1952 ዘዴ የሚጀምር ሐሳብ ሲሆን አሁን በረቀቁ የአሪትሜቲክ ኮዲንግ ዘዴዎች ይሠራበታል። በዚህኛው ደረጃ ምንም የሚጠፋ ነገር የለም። የሚጠፋው በመጀመሪያው ደረጃ ሲሸረፍ ነው።

ትውልድ በትውልድ

ኤች 261 እ.ኤ.አ. በ1988 ለቪዲዮ ስልክ ሲወጣ መሠረቱን ጣለ። በ1993 ኤምፔግ 1 መጣ። ቪሲዲ የምንለው በእሱ የሚሠራ ነው፤ ለምስሉ በሰከንድ 1.15 ሜጋ ቢት መድቦ 74 ደቂቃ ያህል በአንዲት ሲዲ ላይ ያሳርፋል። ታላላቆቻችን በከተማችን ቪዲዮ ቤት ተጋፍተው ያዩት የአማርኛ ፊልም፣ ቤት ውስጥ ደጋግመው ያጫወቱት ክሊፕ ሁሉ በዚህ የመጣ ነው። ሰው ሲሮጥ ወይም እስክስታ ሲወርድ ምስሉ ወደ ካሬ ካሬ ሲቆራረጥ የነበረው ለምን ይመስላችኋል? ቪሲዲ ለቆመም ለሚዘልም እኩል ቢት ስለሚሰጥ ነው።

በ1995 ኤምፔግ 2 ከዲቪዲና ከሳተላይት ቴሌቪዥን ጋር መጣ። በ2003 ኤች 264 ወጣ። በ2013 ኤች 265 ወይም ኤችኢቪሲ የሚባለው ጸደቀ፤ በዚያው ዓመት የጉግል ቪፒ9 ተከተለ። በ2015 የተመሠረተው የኩባንያዎች ኅብረት በ2018 ኤቪ1ን አወጣ። በ2020 ደግሞ ኤች 266 ወይም ቪቪሲ ተጨመረ። በኤምፔግ 2፣ በኤች 264፣ በኤችኢቪሲና በቪቪሲ መስመር ላይ በጥቅሉ የሚባለው አንዱ ትውልድ ከቀደመው ጋር ተመሳሳይ ጥራት በግማሽ ያህል ቢት ይሰጣል ነው። ኤቪ1 ከቪፒ9 አንጻር ሲታይ ቅናሹ 30 በመቶ አካባቢ እንደሆነ ይነገራል።

ቅናሹ ከየት ይመጣል? አንዱ ምክንያት የብሎኩ መጠን ነው። ኤምፔግ 2 ምስሉን በ16 በ16 ነው የሚቆርሰው። ኤች 264 ለዝርዝር ነገር እስከ 4 በ4 ድረስ ወረደ። ኤችኢቪሲ ወደ ላይ እስከ 64 በ64፣ ኤቪ1ና ቪቪሲ ደግሞ እስከ 128 በ128 ወጡ። ለቤተ ማርያም ግድግዳ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በድሮው 64 ጊዜ “እንደ ቅድሙ ነው” ይባልበት የነበረውን ቦታ አዲሶቹ አንድ ጊዜ ብቻ ብለውት ያልፋሉ። ያተረፉትን ቢት ለካህኑ እጅ ይሰጡታል ማለት ነው። መስጠት አለባቸው፤ ይሰጣሉ ወይ የሚለውን ወደኋላ እናየዋለን።

ሲያወዳድሩ መጠንቀቅ

እኔ የተጠቀምኩት ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ነው። ኤች 264ን በኤክስ264፣ ኤችኢቪሲን በኤክስ265፣ ኤቪ1ን በኤስቪቲ ኤቪ1 አመቅሁ። ያወጣኋቸውን ቁጥሮች እዚህ አልደረድርም፤ የአንድ ሰው የአራት ደቂቃ ቪዲዮ ለሌላው ሕግ አይሆንምና። ከዚያ ይልቅ የሚጠቅማችሁ የማወዳደሪያው ሥርዓት ነው።

አንደኛ፣ መነሻው አንድ መሆን አለበት። ከስልኩ የወጣው ዋናው ፋይል ለሁሉም ይሰጣል እንጂ አንዱ ያመቀውን ለሌላው ማቀበል ፍርድ ማጓደል ነው። ሁለተኛ፣ ወይ መጠኑን እኩል አድርጎ ጥራቱን ማየት፣ ወይ ጥራቱን እኩል አድርጎ መጠኑን ማየት ነው። ሁለቱንም ለቀው “ይሄ አነሰ” የሚሉ ሰዎች ሞልተዋል። ሦስተኛ፣ ሲአርኤፍ የሚባለው የጥራት ቁጥር ከአንዱ ወደ ሌላው አይሻገርም። የኤክስ264 መነሻ ቁጥር 23 ነው፣ የኤክስ265 ደግሞ 28፤ የኤቪ1 መለኪያ እስከ 63 ይሄዳል። “ሁለቱንም በ28 ሠራሁ” ማለት በኪሎ የተለካውን ከቁና ጋር እንደ ማወዳደር ነው። አራተኛ፣ ጊዜው ይመዝገብ። አንዱን በዝግታ፣ ሌላውን በጥድፊያ አሠርቶ ማፎካከር አይገባም። በስልክ ውስጥ ያለ የኤችኢቪሲ ሃርድዌር በጥድፊያ ስለሚሠራ በላፕቶፕ ቀስ ብሎ የሠራ ኤክስ264 ሊቀራረበው ይችላል።

ለመለኪያም ፒኤስኤንአር የሚባለው አሮጌው አለ፤ ፒክስልን ከፒክስል ቀንሶ አማካይ ስህተት ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ኤስሲም የምስሉን ቅርጽ ያያል። በ2016 ኔትፍሊክስ ያወጣው ቪማፍ የሰዎችን ፍርድ ለመገመት የሠለጠነ ነው። የብዙ ቢት መጠኖችን ውጤት በአንድ መስመር አድርጎ በመቶኛ ለማወዳደር ደግሞ ኖርዌያዊው ቢዮንቴጋርድ በ2001 ያቀረበው ዘዴ አለ። የፕሮጀክት ወረቀት የምትጽፉ ከሆነ በአንድ ነጥብ ብቻ አትፍረዱ፤ ቢያንስ በአራት የቢት መጠን ሠርታችሁ መስመሩን ሳሉ።

የየኔታ ፍርድ

ቅደም ተከተሉ በእኔም ሙከራ መጽሐፍ እንደሚለው ነው የወጣው። አዲሶቹ አነሱ፣ አሮጌው ተለቀ። ላፕቶፔን ይዤ ወደ የኔታ ጎጆ የሄድኩት ግን ለሌላ ነገር ነበር። እጅግ የታመቀውን፣ በመለኪያው ግን “ደህና” የተባለውን አስቀድሜ ከፈትኩላቸው።

“ይሄ የማን እጅ ነው?” አሉ መነጽራቸውን እያስተካከሉ።

“የአንቱ ነው እንጂ የኔታ።”

“የኔስ ቢሆን ጸናጽሉ ይታይ ነበር። ድምፁ አለ፤ እጁ የት ሄደ? ልጄ፣ በዚህ የሚማር ልጅ ጸናጽል መያዙን እንጂ መቼ እንደሚያነሳ፣ መቼ እንደሚመልስ ምኑን ያያል?”

እውነታቸውን ነው። ፍሬሙን አቁሜ ብመረምረው ጸናጽሉ ወደ ግራጫ ጭጋግ ቀልጧል። ግድግዳው ግን ጥርት ብሎ አለ። መለኪያው የምስሉን ሁሉ አማካይ ነው የሚሰጠው። የምስሉ አብዛኛው ቦታ ደግሞ ግድግዳ ነው። ግድግዳው በቀላሉ ስለሚታመቅ ውጤቱን ከፍ አደረገው፤ ከምስሉ ትንሽ ስፍራ የያዘው እጅ ቢጠፋ አማካዩን ብዙም አላወረደውም። ለቤት ሠሪ ይህ ጥሩ ቪዲዮ ነው። ለአቋቋም ተማሪ ግን ትምህርቱ በሙሉ ያለው እዚያች የጠፋችው ቦታ ላይ ነው።

ሌላም ነገር ከእሳቸው ተማርኩ። በቁም ዜማ ጊዜ እንቅስቃሴ የለም ማለት ይቻላል። ዝማሜ ሲመጣ መቋሚያው መወዛወዝ ይጀምራል። በመረግድ ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ፣ ግን በዝግታ። ጽፋት ላይ ጭብጨባውም ከበሮውም ይፈጥናል። እኛ በክፍል “ተለዋዋጭ የቢት መጠን” የምንለው ነገር ትርጉሙ የገባኝ ያኔ ነው። በሰዓት የተወሰነ ቢት ለቁም ዜማ ይተርፈዋል፣ ለጽፋት ያንሰዋል። ስለዚህ መጠኑን ቆልፎ ከማመቅ ጥራቱን ቆልፎ ቢቱ እንዲሰፋና እንዲጠብ መፍቀድ ለእንደዚህ ያለ ሥራ ይሻላል።

ሌሊት የተቀረጸው ደግሞ ሌላ ፈተና አለው። በጧፍ ብርሃን የስልክ ካሜራ እህል እህል የሚል ነጠብጣብ ያመጣል። ያ ነጠብጣብ በየፍሬሙ ስለሚለዋወጥ “እንደ ቅድሙ ነው” የሚባል ነገር የለም። አማቂው ቢቱን ሁሉ ለነጠብጣብ ይከፍላል። ኤቪ1 ለዚህ አንድ ብልሃት አለው። ነጠብጣቡን አስወግዶ ያምቅና ሲከፈት ተመሳሳይ ነጠብጣብ ሠርቶ ይመልሳል። ለፊልም ጥሩ ነው። ለእኔ ቪዲዮ ግን ስፈራ ስቸር ነው የተጠቀምኩበት፤ ነጠብጣቡ ሲጠረግ የነጠላው ሽመናና ጥለትም አብሮ ይጠረጋልና። ቀን ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ2008 ከእነ ቤተ ማርያም በላይ የተተከለው መጠለያ ፀሐይና ጥላን በስለት እንደ ቆረጡት ይለያቸዋል። አንድ ካህን ከጥላው ወደ ፀሐይ አንድ እርምጃ ሲወጣ ነጩ ልብስ ሌላ ቀለም ይሆናል፣ የቅድሙም ብሎክ አላገለግል ይላል።

ድምፁን አትንኩት

ብዙ ሰው ፋይል ሲያሳንስ ድምፁንም አብሮ ያኮማትራል። ይህ ኪሳራ ነው። ድምፅ በሰከንድ 128 ኪሎ ቢት ቢሰጠው ለአንድ ሰዓት 57.6 ሜጋ ባይት ብቻ ነው። ምስሉ በሰከንድ 2 ሜጋ ቢት ከሆነ 900 ሜጋ ባይት ይወስዳል። ድምፁን በግማሽ ብትቆርጡት የምታተርፉት ከ29 ሜጋ ባይት አይበልጥም። የሚጠፋው ግን ብዙ ነው። የጸናጽል ድምፅ ቀጭንና ድንገተኛ ነው፤ ዝቅተኛ ቢት ላይ ድምፅ አማቂዎች መጀመሪያ የሚያጠፉት ይህንኑ ነው። “ጽል ጽል” የሚለው እንደ ውኃ “ሽሽሽ” ይላል። ለዜማ ቪዲዮ ምስሉ ይጥበብ እንጂ ድምፁ ይሙላ።

ትንሽ ፋይል፣ ከባድ ፈቺ

አሁን ወደ ክርክራችን ልብ ልመለስ። “ቆጣቢው የትኛው ነው?” ስንል የማንን ነው የምንቆጥበው?

ለእህቴ ያንኑ የአንድ ደቂቃ ወረብ በሦስት ዓይነት አመቅሁና ላኩላት። “እቴ፣ የትኛው ይሻላል?” ብዬ ጠየቅኋት። መልሷ በድምፅ መጣ፦ “ትንሿ እምቢ አለች፤ ትቆምና ትሄዳለች፣ ስልኬም እንደ ምጣድ ጋለ። ትልቋ ወዲያው ከፈተች። አልቅሼ ጨረስኩ፣ ሙሉውን ላክልኝ!” ትንሿ ኤቪ1 ነበረች፣ ትልቋ ኤች 264። ስልኳ አሮጌ ነው። ኤች 264ን የሚፈታ ሃርድዌር የሌለው ስልክ ማግኘት ይከብዳል። ኤቪ1ን የሚፈታ ግን በመጀመሪያ የገባው በውዶቹ ስልኮች ነው፤ አፕል እንኳ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2023 በአይፎን 15 ፕሮ ነው። ሃርድዌሩ ከሌለ ፕሮሰሰሩ በጉልበት ይፈታዋል፤ ባትሪውም ያልቃል።

ከገነተ ማርያም ወይም ከቢልባላ አካባቢ ለሚመጣ ቆሎ ተማሪ ባትሪ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የላስታ ልጅ ያውቃል። ቅዳሜ ገበያ ሲወጣ ስልኩን ቻርጅ ያስደርጋል ወይም በሶላር ጠብታ በጠብታ ያጠራቅማል። ለእሱ የመቶ ሜጋ ባይት ቁጠባ በአንድ ሰዓት ባትሪ የሚመነዘር ከሆነ ትርፍ አይደለም። ሜጋ ባይት በፓኬጅ ለሚገዛው የከተማ ልጅ ደግሞ ሒሳቡ ይገለበጣል። በቴሌቪዥኑም ያው ነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ወደ ኢትዮሳት ዲሽ ሲዞር ያየ ሰው ያስታውሳል፤ ኤምፔግ 2 ብቻ የሚያውቅ አሮጌ ሪሲቨር በአዲሱ የታመቀ ቻናል ቢመጣበት ድምፅ ቢያሰማ እንጂ ምስል አያሳይም።

የቪዲዮ ስታንዳርዶች አንድ ጠባይ አላቸው። የሚደነግጉት የፋይሉን አጻጻፍና የፈቺውን ሥራ ነው፤ አማቂው እንዴት እንዲያምቅ አይደነግጉም። ማለትም ፋይሉ ያጠረው ፈቺው ብዙ ስለሚያውቅ ነው። ይህን ሳስብ ድጓው ትዝ አለኝ። በድጓ ላይ ከቃሉ በላይ በደቃቁ የተጻፉ አንድ ወይም ሁለት ፊደላት አሉ፤ ምልክት ይባላሉ። በትውፊት እንደሚነገረው በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ያዘጋጁት ነው። አንዷ ምልክት አንድ ሙሉ የዜማ ሐረግ ታስታውሳለች። ሁለት ፊደል ጽፎ ያን ሁሉ ዜማ! ከኤቪ1ም ከቪቪሲም የምታንስ ፋይል ናት። ነገር ግን ፈቺዋ በገበያ አይሸጥም። ፈቺዋ ዓመታት የተማረ ሰው ነው። የኔታን የሚያህል ፈቺ ከሌለ ምልክቷ ብራና ላይ ያለች ሁለት ፊደል ብቻ ሆና ትቀራለች።

ስለዚህ የእኔ መደምደሚያ ይህ ነው፦ ማመቅ ክብደትን አያጠፋም፣ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ያዛውራል። ከፋይሉ ቢቀንስ አማቂው ላፕቶፕ ላይ፣ ወይ ፈቺው ስልክ ላይ፣ ወይ የሚያየው ሰው ዓይን ላይ ይጨመራል። የሚመረጠው ዘዴም ተሸካሚው ማን እንደሆነ ታይቶ ነው።

እኔ እንዴት አደረግሁ?

ዋናውን፣ ከስልክ የወጣውን ፋይል፣ አንዲት ቢት ሳልነካ በሁለት የተለያዩ ዲስኮች አስቀመጥኩ፤ አንዱ ከእኔ ጋር፣ ሌላው ላሊበላ። ነገ የተሻለ ዘዴ ቢመጣ ከዋናው ነው መታመቅ ያለበት። የታመቀን እንደገና ማመቅ ከቅጂ ቅጂ እንደሚገለብጥ ጸሐፊ ነው፤ ያለፈው ግድፈት ሳይታረም አዲስ ይጨመርበታል። በየመልእክት መላኪያው እየተቀባበለ የሚዞር ቪዲዮ ወደ ጭጋግ የሚለወጠው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ስትልኩ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ።

ለተማሪዎቹ የምሰጠውን በኤች 264 አዘጋጀሁ። የምስሉን ስፋት ቀነስኩ፣ ክፈፉንም ወደ ካህኑ እጅና እግር አጠበብኩት፤ ቢቱ ለግድግዳ ሳይሆን ለጸናጽሉ እንዲውል። በአማካይ ለምስሉ በሰከንድ 1 ሜጋ ቢት፣ ለድምፁ 128 ኪሎ ቢት ሲመጣ አንድ ሰዓቱ 508 ሜጋ ባይት አካባቢ ነው። በአንዲት ባለ 8 ጊጋ ሚሞሪ ካርድ ከ14 ሰዓት በላይ ትምህርት ይገባል። ለኮሌጃችን ኮምፒዩተሮች ደግሞ በዝግታ የታመቀ የኤችኢቪሲ ቅጂ ሠራሁ፤ እዚያ መብራትም ፕሮሰሰርም አለና። ኤቪ1ን አልናቅሁትም። የባለቤትነት ክፍያ የማይጠይቅ መሆኑም ወደፊት ጥሩ ዕድል ይሰጠዋል። ርካሹ ስልክ ሁሉ ሲፈታው የመጀመሪያው ተጠቃሚ እኔ ነኝ።

በመጨረሻ ያዘጋጀሁትን ካርድ ለየኔታ ሳሳያቸው ጽፋቱን ሁለት ጊዜ አስደግመው አዩት። “ይኸኛው እጅ ነው” አሉ። ከቪማፍ ቁጥር ይልቅ ይህን ፍርድ በሪፖርቴ ላይ ብጽፈው መምህሬ ምን ይሉኝ እንደነበር አላውቅም፤ እኔ ግን ጽፌዋለሁ።

በየአካባቢያችሁ እንዲህ ያለ እውቀት ያላቸው አባቶችና እናቶች አሉ። በሚቀጥለው ዕረፍት ስትሄዱ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ቅረጹ። ኮዴኩን በኋላ እንከራከርበታለን።

ቸር ይግጠመን።